ቤት ለእንግዳ የማይባልበት አፋፍ

እናቴ የደጀን ልጅ ናት። ያደገችው የዓባይን በረሃ ከላይ ቁልቁል እያየች ነው። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ እሷ ግን ዓባይን ያየች ስለሆነች በትንሽ ነገር አትደነቅም። ላስ ቬጋስ መጥታ ያን ሁሉ ፎቅና መብራት ሳሳያት «ይህን ሁሉ መብራት ማን ነው የሚከፍለው?» ብላ አለፈችው። ግራንድ ካንየን አፋፍ ላይ ስትቆም ግን ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ አማተበች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞር አለችና «እዚሁ ነው የምናድረው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ።

እዚያ አልነበረም የምናድረው። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተመልሰን፣ ዊሊያምስ በምትባል ከተማ ውስጥ አንዲት ሞቴል ይዤ ነበር። ሌሊት ተነስተን ስንነዳ፣ ስንሰለፍ፣ መኪና ማቆሚያ ስንፈልግ አርፍደን አፋፉ ላይ የደረስነው እኩለ ቀን ሲሆን ነው። እሷ ገና ማየት ስትጀምር እኔ የመመለሻውን ሰዓት መቁጠር ጀምሬ ነበር።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር ቢሆን አልጽፈውም። ከአገር ቤት እናት ወይም አባት ሲመጣ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከዳላስ ዘመድ ሲመጣ፣ ላስ ቬጋስ የሚኖር አበሻ መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ግራንድ ካንየን መቼ ነው የምትወስደን?» የሚል ነው። እኔ ባለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ስድስት ጊዜ እንግዳ ይዤ ሄጃለሁ። ስድስቱንም ጊዜ በገደሉ ተደምሜ፣ በመንገዱና በማደሪያው ግን ተማርሬ ተመልሻለሁ። ኮሎራዶ ወንዝ ለሚሊዮን ዓመታት እየቦረቦረ ያወጣው ይህ ገደል 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ሰፋ በሚልበት ቦታ 29 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጥልቀቱ ከ1,600 ሜትር ያልፋል። እሱን ለማየት ደህና ዓይንና ረጋ ብለው የሚቀመጡበት ጊዜ ይበቃል። ያ ጊዜ ነው የጠፋብን። ቀኑ በመድረስ ያልቃል፣ ምሽቱ በመመለስ ያልቃል፤ ለገደሉ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ገና ከስሙ ነው። ስልክ ላይ «ግራንድ ካንየን» ብሎ የጻፈ የላስ ቬጋስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ግራንድ ካንየን ዌስትን ነው። ከሁለት ሰዓት ትንሽ በለጥ ያለ መንገድ ስለሆነ ቅርብ ነው፤ ከገደሉ በላይ ወጣ ተደርጎ የተሠራው የመስተዋት መረማመጃ ያለውም እዚያ ነው። ነገር ግን ይህ ቦታ የዋላፓይ ሕዝብ መሬት እንጂ ብሔራዊ ፓርኩ አይደለም። የራሱ ክፍያ አለው፤ የብሔራዊ ፓርክ ካርድ እዚያ አያሠራም። ሕዝቡ በገዛ መሬቱ እንግዳ ተቀብሎ ማስከፈሉ መብቱ ነው፤ በዚያ ላይ ቅሬታ የለኝም። የማዝነው ፓርኩን አያለሁ ብሎ ወጥቶ፣ ያየው ሌላ ቦታ መሆኑን ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ለሚያውቀው ሰው ነው። የባለቤቴ አክስት እንዲህ ሆነዋል። ከአውሮፓ ድረስ መጥተው፣ ከፎቶ ላይ የሚያውቁትን ቦታ ሳያዩ ሄዱ። ከዚያ ወደ ፓርኩ ደቡባዊ አፋፍ፣ ሳውዝ ሪም ወደሚባለው፣ ለመሻገር ሌላ የአራት ሰዓት መንገድ ያስፈልግ ነበር።

እኛ ወደ ሳውዝ ሪም ነው የሄድነው። ከላስ ቬጋስ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኪንግማንን አልፈው ዊሊያምስ ሲደርሱ ወደ ሰሜን ይታጠፋሉ። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሳን። ባለቤቴ እንጀራውን በፎይል ጠቅልላ፣ ዳቦ ቆሎውን በላስቲክ አድርጋ፣ ሻዩን በፔርሙዝ ይዛ ነበር። ልጆቹ ከነፒጃማቸው ተጭነው ተኙ። እናቴ ግን አልተኛችም፤ መንገድ ላይ ሹፌርን ብቻውን ትቶ መተኛት ነውር ነው ብላ እስከ ዊሊያምስ ድረስ አጫወተችኝ። በደንብ ብንነዳም ለነዳጅ፣ ለሽንት ቤትና ለቁርስ ስንቆም ጊዜው ሄደ፤ የፓርኩ ኬላ ሰልፍ ጋ የደረስነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ያ ነው ጥፋቱ። እዚያ የሚመክሩ ሁሉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ግቡ ይላሉ። ምክሩ ልክ ነው። ግን ከ3 ሰዓት በፊት ለመግባት ወይ እኩለ ሌሊት ላይ መነሳት ነው፣ ወይ እዚያው አጠገብ ማደር ነው። እዚያው አጠገብ ማደር ደግሞ ምን እንደሚመስል እመጣበታለሁ።

ከቱሳያን፣ ማለትም ከፓርኩ በር ውጭ ካለችው ትንሽ ከተማ፣ እስከ ኬላው ያለው መንገድ አጭር ነው። እኛ ግን አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብን። መኪናው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ፀሐዩ በረታ። ትንሹ ልጄ ሽንት ቤት አለ። ወደ ጎን የሚወጣበት ቦታ የለም፤ ከሰልፍ ከወጡ መልሰው ከኋላ ነው። ከፊታችን ያለው መኪና ከሚሺጋን፣ ከጎናችን ያለው ከቴክሳስ መጥተዋል፤ ፊታቸው ላይ ያለው ድካም ግን ከእኛ አይለይም። አንድ ሽማግሌ ከመኪናቸው ወርደው እግራቸውን እያሹ አየሁ። እሮሮ የሚጋራ ሰው ቋንቋ አያስፈልገውም፤ ተያይተን ራሳችንን ነቀነቅን።

ኬላው ላይ 35 ዶላር ከፍሎ ለሰባት ቀን መግባት ይቻላል። ይህ ለአንድ መኪና ሙሉ ሰው ነው፤ አልተወደደም። ሰባት ቀን የሚያገለግል ትኬት ይዞ ለአንድ ምሽት እንኳ ማደሪያ ማጣት ግን አንጀት ይበላል።

ከገቡ በኋላ ሁለተኛው ሰልፍ መኪና ማቆሚያው ነው። የጎብኚዎች ማዕከሉ አጠገብ አራት ትልልቅ ማቆሚያዎች አሉ፤ ሰው በሚበዛበት ወር ረፋዱ ላይ ይሞላሉ። አንዱን ዞርን፣ ሁለተኛውን ዞርን፣ ሦስተኛው ላይ ቁልፍ ይዛ የምትሄድ ሴት አይተን በቀስታ ተከተልናት። መኪናዋ ጋ ደርሳ ውኃ አውጥታ ተመለሰች። ይህን የማያውቅ ሹፌር የለም። እናቴ «ይህን ሁሉ መጥተን ገደሉ የት አለ?» አለች። እውነቷን ነው። ከመኪና ውስጥ የሚታየው ጥድና የመኪና ጣሪያ ብቻ ነው። ገደሉ ሰው አፋፉ ላይ እስኪደርስ አይታይም፤ ተደብቆ ይጠብቃል። እሱን ከመሰለ ነገር ጥቂት መቶ ሜትር ላይ ሆኖ አርባ ደቂቃ አስፋልት መዞር ቁጭት ነው።

በፓርኩ ውስጥ የሚመላለሰው ሻትል አውቶቡስ ነፃ ነው። ስለ እሱ የማመሰግነውን ሳላመሰግን ማለፍ አልፈልግም። ሾፌሮቹ ትዕግሥተኞች ናቸው፤ አውቶቡሱ ባይኖር ኖሮ ያ አፋፍ በጭስ ይታፈን ነበር። ነገር ግን አሠራሩ ለማያውቅ ሰው እንቆቅልሽ ነው። ሰማያዊው መስመር መንደሩን ይዞራል፣ ብርቱካናማው ወደ ምሥራቅ ያሉትን መመልከቻዎች ያደርሳል፣ ቀዩ ሄርሚት ሮድ በሚባለው መንገድ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ይህ የምዕራቡ መንገድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ዘጠኝ መመልከቻዎች አሉት፤ ከማርች 1 እስከ ኖቬምበር 30 የግል መኪና አይገባበትም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ቀዩን አውቶቡስ ይጠብቃል። እናቴን ይዤ ሦስት አውቶቡስ ሞልቶ ሲያልፍ ቆምን። አራተኛው ላይ ገባን፤ አንድ ወጣት ተነስቶ አስቀመጣት፣ እግዜር ይስጠው።

መውረድ ቀላል ነው፤ ችግሩ መመለስ ነው። አውቶቡሱ ሲሄድ በየመመልከቻው ይቆማል፤ ሲመለስ ግን ሦስቱ ላይ ብቻ ነው የሚቆመው። ይህን የማያውቅ ሰው ደስ ያለው ቦታ ላይ ወርዶ፣ ሲመለስ ፊቱ ሳይቆም የሚያልፈውን አውቶቡስ በእጁ እየጠራ ይቀራል። ያለው ምርጫ ወደፊት ቀጥሎ መጨረሻው ድረስ ደርሶ መመለስ ወይም በእግር መሄድ ነው። ለወጣት ይህ ጨዋታ ነው። የሰባ አንድ ዓመት እናት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ምርኩዝ የያዘች እናት ላለችው ሰው ግን ጨዋታ አይደለም። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከዝቅተኛ አገር የመጣው ሁሉ ያለከልካል። እናቴን ከፍታው አልበገራትም፤ የደጀን ሰው ናት። ጉልበቷ ግን እምቢ አለ። ጥላ በሌለበት ድንጋይ ላይ ነጠላዋን ራሷ ላይ አድርጋ ተቀምጣ፣ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ከዚህ አያለሁ» አለች። ልጅ የሆነ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ያውቃል።

ከሁሉ በላይ የቆጨኝን ያወቅሁት ማታ ነው። እንደ እሷ መራመድ ለሚቸግረው ሰው፣ መኪና ይዞ በዚያ በተዘጋው መንገድ እንዲገባ የሚፈቅድ ወረቀት አለ። ክፍያ የለውም፤ ኬላው ላይ ወይም የጎብኚዎች ማዕከሉ ውስጥ ጠይቆ መውሰድ ይቻላል፤ መስተዋቱ ላይ ይቀመጥና በሩ ይከፈታል። እኔ አልጠየቅሁም፣ ምክንያቱም መኖሩን አላውቅም ነበር። የማያውቅ ሰው እንዴት ይጠይቃል? ከእኛ ኋላ ብዙ መቶ መኪና ተሰልፎ ሳለ የሚያስገባው ሰው ለእያንዳንዱ እንዲያስረዳ አልጠብቅም። ግን የሰዓታት ሰልፍ ባለበት መንገድ ዳር፣ ሰው ሁሉ ቆሞ በሚያነብበት ቦታ፣ «አረጋዊ ወይም መራመድ የማይችል ሰው ይዘዋል?» የሚል አንድ ትልቅ ጽሑፍ ብዙ ጉልበት ያድን ነበር። አሁን እናትና አባት ይዞ ለሚሄድ ሁሉ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የምነግረው ይህንን ነው። እናንተም ንገሩ።

አሁን ወደ ማደሪያው ልምጣ። እውነተኛው እሮሮዬ እሱ ነው።

በፓርኩ ውስጥ፣ አፋፉ ላይ፣ ጥቂት ማደሪያዎች አሉ። ኤል ቶቫር የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1905 የተከፈተ ጥንታዊ ሆቴል ነው፤ ብራይት ኤንጅል ሎጅም በ1935 ተሠርቶ እስከ ዛሬ አለ። ከገደሉ ጥቂት እርምጃ ስለሚርቁ፣ እዚያ ያደረ ሰው ንጋትን በፒጃማው ወጥቶ ሊያይ ይችላል። ነገር ግን ክፍሎቹ የሚያዙት ከ13 ወር በፊት ጀምሮ ነው። አዲስ ወር ሲከፈት፣ ለሚቀጥለው ዓመት ለዚያው ወር ተሻሚው ብዙ ነው፤ ሰው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ይጠብቃል። ከገደሉ ሥር ያለችው ፋንተም ራንች ደግሞ በእግር፣ በበቅሎ ወይም በወንዝ ካልሆነ አትደረስም፤ እሷ ከ15 ወር በፊት በሚወጣ ዕጣ ነው የምትገኘው። ድንኳን ለመትከል እንኳ ዋናው ካምፕ ከስድስት ወር በፊት ይከፈትና ለሰው መብዣ ወራት ቶሎ ያልቃል። ለእንደ እኔ ዓይነቱ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ሰው ሁሉ የሚመክረኝ አንድ ነው። አስቀድመህ አታስብም እንዴ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይባልም? ይባላል። ግን ማን ነው ከ13 ወር በፊት ማሰብ የሚችለው? እኔ የምሠራው ሆቴል ኩሽና ውስጥ ነው፤ ስኬጁል የሚወጣልኝ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ታክሲ የሚነዳው ጓደኛዬም፣ ክፍል የምታጸዳው እህቴም፣ አረጋውያንን የምትንከባከበው ጎረቤቴም እንዲሁ ናቸው። የእናቴ ቪዛ መቼ እንደሚወጣ ደግሞ እሷም እኔም አናውቅም ነበር፤ የወጣ ዕለት ነው ትኬት የቆረጥነው። በዚህ ዓይነት ኑሮ የሚኖር ሰው የሚቀጥለው ዓመት ጁን ላይ ማክሰኞ የት እንደሚያድር እንዴት ይወስናል? ከ13 ወር በፊት ክፍል መያዝ የሚችለው ፈቃዱ በእጁ ያለ፣ ኑሮው የተደላደለ ሰው ነው። በሩ ላይ ሁላችንም እኩል 35 ዶላር እንከፍላለን፤ አፋፉ ላይ የሚነጋለት ግን ቀን መቁጠሪያው በእጁ ያለ ብቻ ነው።

ከበር ውጭ ያለችው ቱሳያን ቀጣይዋ ተስፋ ናት። ጠባብ መሬት ላይ ያለች፣ ዙሪያዋ የመንግሥት ደን የሆነ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሆቴሉ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ። ለዚያ ምሽት ያገኘሁት ዝቅተኛው ዋጋ ከ300 ዶላር በላይ ነበር፣ ያውም አምስት ሰው በሁለት አልጋ። ለእኔ ያ ከሁለት ቀን ደሞዝ በላይ ነው። ስለዚህ ዊሊያምስን ያዝኩ፤ ለሌላው ደግሞ ፍላግስታፍ ነው፣ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ። የቀረበው ውድ፣ ርካሹ ሩቅ ሆኖ ሰዉ ልዩነቱን በነዳጅና በእንቅልፉ ይከፍላል።

የዊሊያምሷ ሞቴልም የራሷ ጉድ ነበራት። ስልክ ላይ የያዝኩት ሁለት ሰፊ አልጋ ያለው ክፍል ነበር። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ በድካም ደርሰን፣ ልጆቹን ትከሻችን ላይ ተሸክመን ስንገባ፣ የተሰጠን አንድ አልጋ ያለው ክፍል ነው። ወጣቱ ተቀባይ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሌላ ክፍል የለም፣ ከተማው ሙሉ ነው፣ ብትፈልጉ ሰርዙ አለ። በዚያ ሰዓት ሰርዞ የት ይኬዳል? እናቴና ባለቤቴ ልጆቹን ይዘው አልጋው ላይ ተኙ፤ እኔ ብርድ ልብሴን ምንጣፉ ላይ ዘረጋሁ። እናቴ በጨለማው ውስጥ «ና እዚህ ጥግ፣ እኔ ቁጭ ብዬ አድራለሁ» ትለኛለች። እንግዳ ሆና የመጣች እናት ቁጭ ብላ ለማደር ስትለምን መስማት ሆድ ያስብሳል።

ክፍል ያገኘውም ቢሆን እርግጠኛ አይደለም። በደቡቡ አፋፍ የሚጠጣው ውኃ በሙሉ የሚመጣው ከገደሉ ማዶ ከሚፈልቅ ምንጭ፣ ገደሉን ወርዶ በሚወጣ 20 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ነው። ቧንቧው የተሠራው በ1960ዎቹ ነው፤ ዕድሜውን ጨርሷል፤ ከ2010 ወዲህ ብቻ ከ85 ጊዜ በላይ በከባዱ ተሰብሯል። በ2024 ኦገስት 29፣ ሰው ሁሉ ለሌበር ደይ ዕረፍት በሚጎርፍበት ሰሞን፣ ቧንቧው በብዙ ቦታ በመሰበሩ በደቡቡ አፋፍ ሆቴሎች ማደር ተከለከለ። ከዓመት በፊት ክፍል የያዘው ሁሉ ሻንጣውን እንደያዘ ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ሆነ። አሁን ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ቧንቧው እየተጠገነ ነው፤ ሠራተኞቹ በዚያ ገደል፣ በዚያ ሙቀት የሚሠሩት ሥራ ክብር ይገባዋል። የሚያሳዝነው ለዓመታት ማርጀቱ እየታየ መዘግየቱ ነው።

ማዶ ያለው ሰሜናዊው አፋፍስ? ከደቡቡ ሆነው ሲያዩት በአየር 16 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እናቴ በጣቷ እያሳየች «ያኛው ጥላ አለው፣ ሰውም የበዛበት አይመስልም፣ ለምን እዚያ አንሄድም?» አለችኝ። በመኪና ገደሉን ዞሮ ለመድረስ 345 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። እሷን ግን ይህ አልገረማትም፤ ከደጀን ማዶ ጎሐ ጽዮን ይታያል፣ መድረስ ግን ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ መውጣት ነው፤ የገደል አገር ሰው የዓይንና የእግር መንገድ እንደሚለያይ ያውቃል። ሰሜኑ ጸጥ ያለ፣ ሰው የማይጋፋበት፣ ከደጁ ላይ ተቀምጠው ገደሉን የሚያዩበት አንድ ሎጅ ነበረው። በ2025 ጁላይ መብረቅ ያስነሳው እሳት ደኑን በላ፤ ያን ሎጅም አቃጠለው። በ1928 ተሠርቶ፣ በ1932 ተቃጥሎ፣ በ1937 እንደገና የቆመ ቤት ነበር። ሰሜኑ ማደሪያውን ሲያጣ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊቱን ወደ ደቡቡ ማዞሩ አይቀርም። እዚያ ደግሞ ከድሮውም ጠቦ ነበር።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ግራንድ ካንየንን ጨምሮ በ11 ታላላቅ ፓርኮች፣ የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ፣ 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ዓመታዊ ካርድ ከሌለው ከመደበኛው መግቢያ በላይ 100 ዶላር እንዲከፍል ተደንግጓል። እናቴ ከዚያ በፊት አይታ ሄዳለች። የሚመጡት እናቶች ግን መታወቂያ ሲጠየቁ፣ ልጃቸው ቦርሳውን ሲከፍት፣ «ለኔ ይህን ያህል ከሆነ ይቅርብኝ፣ መኪናው ውስጥ እጠብቃችኋለሁ» ይላሉ። እናቶቻችንን እናውቃቸዋለን። ፓርኩ ገንዘብ እንደሚያስፈልገው አልክድም፤ የቧንቧውን ነገር ተናግሬአለሁ። ግን በጡረታ የምትኖር የደጀን እናትና የቅንጦት ጎብኚ በአንድ ሚዛን መመዘናቸው ያመኛል።

እንግዲህ ምን ይደረግ የሚለኝ ይኖራል። አፋፉ ላይ ፎቅ ይደርደር የሚል ሐሳብ የለኝም፤ እግዚአብሔር አያሳየኝ ያን ዕለት። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1903 እዚያ ቆመው፣ ሰው ይህን ሊያሻሽለው አይችልምና እንዳለ ተዉት፣ ለሚመጣው ትውልድ ጠብቁት ብለው ነበር። በ1908 ጥበቃ ሥር አዋሉት፤ በ1919 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ቃላቸው ተጠብቋል፤ ለዚህም ነው ዛሬ በዓመት ወደ አምስት ሚሊዮን ሰው የሚመጣው። የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ካሉት ክፍሎች ጥቂቱ ለ13 ወር ተሻሚ ሳይለቀቅ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለሚያውቅ ሠራተኛ ይቆይ። በቱሳያን ያለው የሻትል መስመር ሰው በሚበዛበት ወር ሁሉ በብዛት ይመላለስ፤ መኪናውን እዚያ የሚተው ሰው ይበራከት፤ ሰልፉም ይጠር። ለአረጋውያን ያለው ፈቃድ ከመንገድ ዳር ይጻፍ። እነዚህ አንድ ድንጋይ ከቦታው አያነሱም።

የዚያን ዕለት ምሽት ፀሐይ ስትጠልቅ ሆፒ ፖይንት ላይ ነበርን። ገደሉ መጀመሪያ እንደ ጠላ ጋን ቀላ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ ሆነ፣ ከዚያ ከሥር ጀምሮ ጨለማ እየሞላው መጣ። እናቴ ጉልበቷን ረስታ ቆመች። ሃያ ደቂቃ አልሞላም፤ ሰው ሁሉ ባንዴ ወደ አውቶቡሱ ዞረ፤ እኔም ክንዷን ያዝኩ። አውቶቡሱ ካመለጠን መኪናው ጋ መድረስ በጨለማ በእግር ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ መብራት በሌለው መንገድ፣ ኤልክ የሚባለው ፈረስ የሚያክል አጋዘን ድንገት ከጥዱ ውስጥ በሚወጣበት መንገድ፣ አንድ ሰዓት መንዳት አለ። «ትንሽ እንቆይ እንጂ» አለች። «አይቻልም እማዬ» አልኳት።

መኪናው ውስጥ ብዙ ከቆየች በኋላ፣ ልጅ ሆና ያየችውን አወራችኝ። ወደ ዓባይ የሚወርድ መንገደኛ ጀምበር ስትጠልቅበት ከአፋፉ በላይ ካለው የመጀመሪያ ቤት ደጅ ይቆምና «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ!» ይባላል። ጠፍር አልጋው ከሌለ መደብ አለ፤ መደቡ ከሞላ ገለባ ይነጠፋል። ሌሊት ገደል እንዲወርድ የሚተወው ሰው የለም። «እዚህ አገር ደግሞ» አለች፣ ከፊት የሚመጣውን የመኪና መብራት እያየች፣ «ሲመሽ ነው ከአፋፉ የሚያባርሩን?»

በማግስቱ ገና ሳይነጋ «እንመለስና ሲነጋ ልየው» ብላኝ ነበር። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሥራ ነበረኝ፤ ቬጋስ ሩቅ ነው፤ አልመለስናትም። አገር ቤት ከገባች በኋላ ስደውል ጎረቤቶቿ ስለ ገደሉ ይጠይቋታል። እሷም ስፋቱን፣ ቀለሙን፣ አውቶቡስ ላይ ቦታ የለቀቀላትን ልጅ ሳይቀር ትነግራቸዋለች። መጨረሻ ላይ ግን ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነው፤ «ሲነጋ እንዴት እንደሚሆን አላየሁትም»።